ኮንሶልን በ«ቢት» መቁጠር ትተን ጌሙ የት ነው የተቀመጠው ብንልስ?

ቻናል 3 (#1)

ሰላም ለሁላችሁም። የኮንሶል (ቲቪ ላይ የሚሰካ የጌም ማሽን) ታሪክ በተነሳ ቁጥር ወሬው አንድ ነው። 8 ቢት፣ 16 ቢት፣ 32 ቢት፣ 64 ቢት፤ ፕሮሰሰሩ በአንዴ የሚያስተናግደው የመረጃ መጠን ማለት ነው። ቢቱ ትርጉም ሲያጣ ደግሞ ወደ «ትውልድ» ይዞራል፤ አሁን ዘጠነኛው ላይ ነን ይባላል። ይሄን አቆጣጠር የማስታወቂያ ሰዎች ያወጡት ነው የሚመስለኝ። ትልቁ ለውጥ የመጣው ሥዕሉ ሲያምር አይደለም። ጌሙ ቦታ ሲቀይር ነው።

(ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። እየደጋገምኩ አልጽፈውም።)

ከሥሩ ልጀምር። ራልፍ ቤር ሳንደርስ አሶሼትስ የሚባል የአሜሪካ የመከላከያ ኩባንያ ውስጥ መሐንዲስ ነበር። ቲቪ የሌለው ቤት እየጠፋ መጥቷል፤ ሰው ግን ፊቱ ተቀምጦ ከማየት በቀር ምንም አያደርግበትም። በ1966 ቲቪን መጫወቻ የማድረግ ሐሳብ ያዘው። ከዚያ የወጣው ሣጥን በ1972 ማግናቮክስ ኦዲሲ ተብሎ ገበያ ላይ ዋለ።

ኦዲሲ ፕሮሰሰር የለውም። ድምፅ የለውም። ቀለምም የለውም። ነጥብ አይቆጥርላችሁም፤ ወረቀት ላይ ትጽፋላችሁ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ጥቂት ነጭ ነጥቦችና አንድ መስመር ነው። ሜዳው የታለ ካላችሁ፣ ቲቪው መስታወት ላይ የሚለጠፍ ባለቀለም ፕላስቲክ አብሮ ይመጣል። ዳይስና የወረቀት ገንዘብም ካርቶኑ ውስጥ አለ።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ኦዲሲ ላይ የሚሰካ ካርድ አለው፤ የዛሬ ሰው ሲያየው ጌም የያዘ ካሴት ይመስለዋል። ካርዱ ውስጥ ግን ፕሮግራም የሚባል ነገር የለም። ሥራው ሣጥኑ ውስጥ ያሉትን መስመሮች በሌላ መልክ ማገናኘት ብቻ ነው። ጌሞቹ ቀድሞውኑ ውስጥ ናቸው።

ከዚያ የፖንግ ወረርሽኝ መጣ። አታሪ በ1975 የቤት ፖንግን በሲርስ መደብሮች በኩል ሸጠ። በሚቀጥለው ዓመት ጄኔራል ኢንስትሩመንት የፖንግ ዓይነት ጌሞችን አንድ ቺፕ ውስጥ አጭቆ ለፈለገ ሁሉ ማቅረብ ጀመረ። ቺፑን የገዛ ሁሉ የኮንሶል ፋብሪካ ሆነ። ጌሙ ሲሰለች ግን የሚጣለው ማሽኑ ራሱ ነው፤ ሌላ የሚሰካበት ነገር የለማ።

ይሄን የሰበረው በ1976 የወጣው ፌርቻይልድ ቻናል ኤፍ ነው። ጄሪ ሎውሰን የመራው የመሐንዲሶች ቡድን ፕሮግራሙን ሮም (ማሽኑ ቢጠፋም የማይረሳ ሚሞሪ) ቺፕ ላይ ጭኖ በሚሰካና በሚነቀል ካሴት ውስጥ አስገባው። ካሴቱ በተሰካና በተነቀለ ቁጥር ማሽኑ እንዳይቃጠል ማድረግ ራሱ ያኔ ከባድ ሥራ ነበር። ከዚያ በኋላ ኮንሶል የገዛ ሰው የገዛው ባዶ ዕቃ ነው። ጌሙ ለብቻው ይመጣል።

ስለዚህ የኔ አቆጣጠር እንዲህ ነው። መጀመሪያ ጌሙ ሽቦው ውስጥ ነበር። ከዚያ ካሴት ውስጥ ገባ፣ ከዚያ ሲዲ ላይ ሄደ፣ አሁን ደግሞ የሌላ ሰው ሰርቨር ላይ ነው። ምን ትላላችሁ?

ሴቭ ሳላደርግ (#2)

ቆንጆ ነው፣ ግን አልተዋጠልኝም። ሶኒክ የሚባለው የሴጋ ጌም በ1991 ሲመጣ ልጆች የሴጋን ኮንሶል ሜጋ ድራይቭን ግዙልን ብለው ያለቀሱት ጌሙ የት እንደሚቀመጥ አስበው ነው? ፍጥነቱን አይተው ነው እንጂ! ካሴትማ ተፎካካሪው ሱፐር ኒንቴንዶም አለው።

ብየዳ (#3)

እኔ ከቦርዱ በኩል ልግባ። አታሪ 2600ን ውሰዱ፣ የ1977ቱን። ራሙ (ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ሚሞሪ) 128 ባይት ነው። ኪሎባይት አላልኩም፣ ባይት። ይቺ እየጻፍኳት ያለችው አንቀጽ እንኳ አትገባበትም።

የስክሪኑን ሥዕል የሚያስቀምጥበት ሚሞሪ የለውም። የድሮ ቲቪ ሥዕሉን የሚሠራው በጨረር ነው፤ ጨረሩ ከግራ ወደ ቀኝ እየጠረገ መስመር በመስመር ወደ ታች ይወርዳል። ሌላው ማሽን ሥዕሉን ሚሞሪ ላይ አዘጋጅቶ ጨረሩን ይጠብቃል። 2600 ይሄ ቅንጦት የለውም። ፕሮግራመሩ ጨረሩ እያንዳንዱ መስመር ላይ ሲደርስ ቲአይኤ ለሚባለው ቺፕ «አሁን ይሄን አውጣ» ማለት አለበት። ለአንድ መስመር ያለው ጊዜ 76 የፕሮሰሰር ምት ነው። አንድ ትእዛዝ ቢያንስ ሁለት ምት ይበላል። አስሉት። ነጥብ መቁጠሩ፣ ማን ማንን መታ የሚለው፣ አብዛኛው ሥራ የሚሠራው ጨረሩ ታች ጨርሶ ወደ ላይ እስኪመለስ ባለችው ፋታ ነው።

ቺፑ የሚያውቃቸው ነገሮች ሁለት ተጫዋች፣ ሁለት ጥይት፣ አንድ ኳስና የጀርባ ሜዳ ናቸው። ሲነደፍ የታሰበው ፖንግና የታንክ ጌም እንዲያጫውት ነው፣ በቃ። እና እዚህ ማሽን ላይ በ1980 ስፔስ ኢንቬደርስ በረድፍ በረድፍ ተሰልፎ መጣ። በ1982 ዴቪድ ክሬን ፒትፎልን አወጣ፤ 255 የጫካ ስክሪኖች 4 ኪሎባይት ውስጥ። ስክሪኖቹ አንድ በአንድ አልተቀመጡም። አንድ ቁጥር በሒሳብ ወደፊትና ወደኋላ ይገለባበጣል፤ ጉድጓዱም ዛፉም አዞውም ከዚያ ቁጥር ይወጣሉ።

ቦርዱ አልተለወጠም። የተለወጠው ካሴቱ ውስጥ ያለው ብልሃት ነው። 2600 እስከ 1992 መመረቱ ለዚህ ነው። ጌሙ ሽቦው ውስጥ ቢሆን ኖሮ በሁለት ዓመት ይሞት ነበር።

ባለጆይስቲኩ (#4)

ሁላችሁም ሣጥኑን ነው የምታዩት። እጃችሁን እዩ!

የኒንቴንዶው ጉንፔ ዮኮይ በ1982 ለትንሿ የዶንኪ ኮንግ የኪስ ጌም የመስቀል ቅርጽ ያላት ቁልፍ ሠራ። በሚቀጥለው ዓመት ፋሚኮም በሚባለው የኒንቴንዶ የጃፓን ኮንሶል ላይ ገባች። ከዚያ ወዲህ ግራ አውራ ጣታችሁ ያለበት ቦታ ላይ ያልተቀመጠችበት ኮንሶል ጥቂት ነው። ጌሙ ካሴት ላይ ሆነ ሲዲ ላይ፣ እሷ አለች።

ፋሚኮም ላይ ደግሞ ሁለተኛው ጆይስቲክ ማይክ ነበረው። ዜልዳ የሚባለው ጌም የጃፓኑ ቅጂ ላይ ጆሮ ትልልቅ የሆነ ጠላት አለ፣ ማይኩ ላይ ስትጮህበት ይሞታል። አሜሪካ የሄደው ማሽን ማይክ የለውም። የእንግሊዝኛው መመሪያ ግን ጠላቱ ኃይለኛ ድምፅ አይወድም ይላል። ስንት ልጅ ቲቪው ላይ ጮኾ ይሆን?

ከዚያ የኒንቴንዶ 64ቱ አናሎግ ዱላ (ምን ያህል እንደገፋችሁት የሚለይ፣ 1996)፣ በቀጣዩ ዓመት ሁለት ዱላና ንዝረት ያለው የሶኒው ዱዋልሾክ፣ በ2006 ሪሞት መሰል መያዣውን እያወዛወዛችሁ የምትጫወቱበት የኒንቴንዶው ዊ። ዊ በቴክኒክ ከተፎካካሪዎቹ ደካማ ነበር። ከ101 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ለምን? አያትም ልጅም እኩል መያዝ ይችሉ ስለነበር ነው። አጨዋወቱ የገባቸው ሰዎች ሪሞቱን ቲቪው ላይ እየወረወሩ፣ ኒንቴንዶ በዚያው ዓመት መጨረሻ ወፍራም የእጅ ማሰሪያ በነጻ ማደል ነበረበት።

ፒክስል (#5)

ባለጆይስቲኩ፣ አናሎግ ዱላን ኒንቴንዶ 64 ላይ አትጀምረው። ቬክትሬክስና አታሪ 5200 የሚባሉት ኮንሶሎች በ1982 ነበራቸው። የ5200ው ዱላ ስትለቀው ወደ መሐል አይመለስም ነበር፣ ሰው ጠልቶት ቀረ። የ64ቱ ደግሞ የመጀመሪያው ማሪዮ ፓርቲ ላይ በመዳፍ እንዲሽከረከር ስለሚያስገድድ የልጆች እጅ ላጠ፤ ኒንቴንዶ አሜሪካ ውስጥ ጓንት ለመስጠት ተስማማ። ታሪክህ ጥሩ ነው፣ ግን የአሸናፊዎች ብቻ ነው።

ስለ ቢቱ ቻናል 3 ያልከው ላይ እኔም ልጨምር። ኢንቴሊቪዥን የ1979 ኮንሶል ነው፣ ፕሮሰሰሩ 16 ቢት ነው። ከእሱ በኋላ የመጣው ፋሚኮም 8 ቢት ነው። ታዲያ የ«ቢት» ታሪክ ወደ ኋላ ሄደ እንበል? ተርቦግራፍክስ 16 የሚባለው ደግሞ ስሙ ላይ 16 ለጥፎ ፕሮሰሰሩ 8 ቢት ነው። አታሪ ጃጓር በ1993 «64 ቢት» ብሎ ሒሳቡን ሥሩት ሲል ሰዉ ሠራው፣ አልተገኘለትም።

ቻናል 3 (#6)

ፒክስል፣ እጅሽ ይባረክ።

ባለጆይስቲኩ፣ አልክድህም። ግን ጆይስቲክ ስትቀይር ጌም የሚሸጠው ማን ነው የሚለው አይቀየርም። ጌሙ ቦታ ሲቀይር ግን ይሄም ይቀየራል። ካሴት ሲመጣ ምን እንደተፈጠረ እይ።

አታሪ ውስጥ ጌም የሚሠሩት ሰዎች ስማቸው አይጻፍም፣ ከሽያጩም ድርሻ የላቸውም። በ1979 አራት ፕሮግራመሮች ወጡና አክቲቪዥንን መሠረቱ። ክሬን አንዱ ነው። ኮንሶል አይሠሩም። የሌላ ሰው ኮንሶል ላይ የሚሰካ ካሴት ይሠራሉ። አታሪ ከሰሰ። በመጨረሻ አክቲቪዥን ክፍያ እየከፈለ ሥራውን ቀጠለ። በሩ ያኔ ተከፈተ። ካሴቱ ምንም መቆለፊያ የለውም፤ ቺፕ መግዛት የሚችል ሁሉ ጌም ሠሪ ነው። የውሻ ምግብ የሚሸጡ ኩባንያዎች ሳይቀሩ ጌም አወጡ። ቀልድ አይደለም፤ የፑሪና ጌም አለ።

የ1983ቱ ውድቀት ከዚህ ነው የመጣው። ሱቆቹ በማይረባ ካሴት ተጨናነቁ፣ ያልተሸጠው በርካሽ ተደፋ፣ ጥሩውም አብሮ ረከሰ። ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ የነበረው የአሜሪካ የቤት ጌም ገበያ በ1985 ወደ 100 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። ሰው ሁሉ ኢ.ቲ. የሚባለውን የአታሪ ጌም ነው የሚረግመው። ሃዋርድ ስኮት ዋርሾው በአምስት ሳምንት ገደማ የሠራው ነው፤ ለገና እንዲደርስ። አላሞጎርዶ በረሃ ውስጥ ተቀበረ የተባለውም እውነት ሆኖ በ2014 ተቆፍሮ ወጣ። ግን ከጉድጓዱ ኢ.ቲ. ብቻ አይደለም የወጣው፣ ሌላም ብዙ ጌም አብሮ ተቀብሮ ነበር። አንድ ጌም ኢንዱስትሪ አይገድልም።

ኒንቴንዶ ይሄን አይቶ ነው አሜሪካ ሲገባ ቁልፍ ይዞ የመጣው። ማሽኑ ውስጥ አንድ ቺፕ፣ ካሴቱ ውስጥ አንድ ቺፕ። ሁለቱ ካልተግባቡ ጌሙ አይነሳም። ካሴቱን የሚያመርተው ራሱ ኒንቴንዶ ነው፣ ገንዘቡን ቀድማችሁ ትከፍላላችሁ፣ በዓመት ከአምስት ጌም በላይ አይፈቀድላችሁም። ጌም ሠሪው ኮናሚ አልትራ የሚል ሌላ ስም ከፍቶ ገደቡን ዞረው። ቴንጀን የሚባል ሌላ ጌም ሠሪ ደግሞ በጓሮ ሄደ፤ ጠበቆቹ የቺፑን ኮድ ከአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ ለክስ ነው ብለው አወጡት። ፍርድ ቤት ላይ ጉዳቸው ፈላ።

ከዚያ ወዲህ የወጣ ኮንሶል አብዛኛው ቁልፍ አለው። የኔ ነጥብ ይሄ ነው።

ፒክስል (#7)

«ኢንዱስትሪው ሞተ፣ ኒንቴንዶ ከመቃብር አወጣው» የሚለው ተረት ግን ይበቃናል። የሞተው የአሜሪካው ነው። ጃፓን ውስጥ ፋሚኮም የወጣው ሐምሌ 15 ቀን 1983 ነው፣ የሴጋ የመጀመሪያው ኮንሶልም በዚያው ቀን! ማንም አላለቀሰም። እንግሊዝ ውስጥ ልጆቹ ስፔክትረምና ኮሞዶር 64 የሚባሉ የቤት ኮምፒውተሮች ላይ ናቸው፤ ጌሙ ተራ የሙዚቃ ካሴት ክር ላይ ተቀድቶ ነው የሚሸጠው፣ እስኪጫን ደቂቃዎች ትጠብቃለህ። ይሄኛው በአንተ አቆጣጠር የት ይገባል?

ብራዚል ሂድ። ቴክቶይ የሚባል ኩባንያ ከ1989 ጀምሮ የሴጋን ማስተር ሲስተም እዚያው እያመረተ፣ ሌላው ዓለም ከረሳው ከብዙ ዓመታት በኋላ እንኳ መሸጡን አልተወም። ሩሲያ ሂድ። በ1992 መጨረሻ ዴንዲ የሚባል የፋሚኮም ኮፒ ወጣና ለአንድ ትውልድ ሙሉ «ኮንሶል» ማለት እሱ ሆነ። ኒንቴንዶ እዚያ አልነበረም። ቁልፍ የሚባለው ቺፕም አልነበረም፣ ፋሚኮም መጀመሪያውኑ አልነበረውማ።

የፋሚኮም ኮፒዎች እኮ በዓለም ዙሪያ ምን ያህል ልጅ እንዳጫወቱ ታሪክ ጸሐፊዎች ገና በቅጡ አልነኩትም። በመጨረሻ የማሽኑ አንጀት በሙሉ አንድ ቺፕ ላይ ተጠቃሎ ጥቁር ጠብታ መስሎ ቦርዱ ላይ ተደፋ። ያ ቢጫ ካሴት፣ «9999 በ1» የሚለው፣ ውስጡ ጥቂት ጌሞች እየተደጋገሙ። ደረጃ ሁለት ላይ የሚጀምረው ማሪዮ እንደ አዲስ ጌም ይቆጠራል።

ሴቭ ሳላደርግ (#8)

9999 በ1 😂 ሁሉንም እንጨርሳለን ብለን ቁጭ ያልነው ሰዎች እንዳለን ልመስክር።

ብየዳ ካለህ አንድ ጥያቄ። ካሴቱን አውጥቶ ውስጡን እፍ ማለት በእርግጥ ይሠራ ነበር ወይስ ራሳችንን ነው ያታለልነው?

ብየዳ (#9)

እፍታው አይሠራም። የሚሠራው ማውጣትና መልሶ መክተት ነው።

የአሜሪካው ኒንቴንዶ ሆን ተብሎ የቪዲዮ ማጫወቻ እንዲመስል ነው የተሠራው። ከ1983 በኋላ ሱቆች «የቪዲዮ ጌም» የሚል ነገር መስማት አይፈልጉም ነበር። ስለዚህ ካሴቱ ከፊት ይገባል፣ ወደ ታች ይጫናል። ባለ 72 ፒን መሰኪያው በዚህ መተጣጠፍ ይደክማል፣ መንካት ያቆማል። በዚያ ላይ ቻናል 3 ያለው የቁልፍ ቺፕ አለ። ከካሴቱ ቺፕ ጋር ካልተገናኘ ፕሮሰሰሩን በሰከንድ አንዴ ገደማ ሪሴት ያደርገዋል። ያ ብልጭ ድርግም የሚለው ስክሪን እሱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጌሙ ደህና ነው፤ ቁልፉ ነው ያልተግባባው።

ስታወጡትና ስትመልሱት ፒኖቹ ሌላ ቦታ ላይ ይነካሉ፣ ይሠራል፣ ምስጋናውን እፍታው ይወስዳል። ትንፋሽ እርጥበት ነው። እርጥበት መዳቡን ያዝገዋል። ኒንቴንዶ ራሱ አትንፉበት ይል ነበር። ማጽዳት ከፈለጋችሁ ጥጥ በአልኮል ነክራችሁ ፒኖቹን ጥረጉ፣ ይድረቅ፣ ሰኩት። በ1993 የወጣው ከላይ የሚሰካው ሞዴል የቁልፍ ቺፑም የለው፣ መሰኪያውም አይተጣጠፍም። ችግሩ አብሮ ጠፋ።

ስለ ካሴቱም አንድ ነገር ልጨምር። ካሴት ጌም ብቻ አይደለም የያዘው። ማሽኑን ራሱን ያሳድገዋል። ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ 40 ኪሎባይት ነበር፤ ደመናውና ቁጥቋጦው አንድ ሥዕል ናቸው፣ ቀለሙ ነው የተለወጠው። ከዚያ በኋላ የመጡት ካሴቶች ተጨማሪ ቺፕ ይዘው ሚሞሪውን በየክፍሉ እየቀያየሩ ያቀርቡለታል። በ1993 ስታር ፎክስ ካሴት ውስጥ ሱፐር ኤፍኤክስ የሚባል ሌላ ፕሮሰሰር ገባ። ባለሦስት አውታሩን ሥዕል የሚያሰላው እሱ ነው፣ ኮንሶሉ ውጤቱን ተቀብሎ ያሳያል። ሲዲ ይሄን አይችልም። ሲዲ ላይ ቺፕ አይገባም።

ቻናል 3 (#10)

ጥሩ አድርገህ አደረስከን። ሲዲ።

ኮንሶል ላይ ሲዲ ያመጣው ሶኒ አይደለም። ፒሲ ኢንጅን በሚባል የጃፓን ኮንሶል ላይ በ1988 ነበር። ታሪኩን የቀየረው ግን የሶኒና የኒንቴንዶ ጠብ ነው። ኬን ኩታራጊ የሚባል የሶኒ መሐንዲስ ለሱፐር ኒንቴንዶ የድምፅ ቺፕ ሠርቶ ነበር። ከዚያ ሁለቱ ኩባንያዎች ሲዲ የሚያነብ ማሽን አብረው ሊሠሩ ተስማሙ። በ1991 ሶኒ ቺካጎ በተካሄደ ኤግዚቢሽን ላይ «ፕሌይ ስቴሽን» ብሎ አስተዋወቀ። በማግስቱ ኒንቴንዶ ቆመና ከፊሊፕስ ጋር ነው የምንሠራው አለ። በአደባባይ! ምክንያቱ ውሉ ነው፤ ሲዲ ላይ የሚወጡትን ጌሞች የሚቆጣጠረው ሶኒ እንዲሆን ያደርግ ነበር። ቁልፉ ከኒንቴንዶ እጅ ሊወጣ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ሽርክና የተረፈ አንድ የሙከራ ማሽን በ2020 በ360,000 ዶላር በጨረታ ተሽጧል።

ሶኒ ብቻውን ሄዶ በታኅሣሥ 1994 ፕሌይስቴሽንን አወጣ። ካሴት ለማምረት ውድ ነው፣ ወራት ቀድሞ መታዘዝ አለበት፣ ብዙ ካዘዝክ ያከስርሃል፣ ጥቂት ካዘዝክ ገበያው ያመልጥሃል። ሲዲ በርካሽ በቀናት ውስጥ ይታተማል። 650 ሜጋባይት ይይዛል። የኒንቴንዶ 64 ትልቁ ካሴት 64 ሜጋባይት ነበር። ፋይናል ፋንታሲ የሚባለው ጌም ከኒንቴንዶ ቤት ወጥቶ በ1997 ሰባተኛው ክፍሉ በሦስት ሲዲ ፕሌይስቴሽን ላይ መጣ። ፕሌይስቴሽን በመጨረሻ ከ102 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፣ 64ቱ ወደ 33 ሚሊዮን። ሴቭ ሳላደርግ፣ ይሄ የግራፊክስ ውጤት ነው ትለኛለህ?

ዕዳም አብሮ መጣ። መጠበቅ። ጌም ሠሪው ናምኮ ይሄን ስላወቀ ሪጅ ሬሰር የሚባለው የመኪና ውድድር ጌሙ እስኪጫን ጋላክሲያን የሚባል የድሮ ጌም ያጫውትሃል። ጌሙ ሙሉ በሙሉ ራም ላይ ስለሚገባም ሲዲውን አውጥተህ የራስህን ሙዚቃ ሲዲ ከትተህ እየሰማህ መንዳት ትችላለህ። ይሄን ነገር እስከ ዛሬ እወደዋለሁ።

ሴቭ ሳላደርግ (#11)

እልሃለሁ እንጂ! ሰዉ ባለሦስት አውታር ሥዕል አይቶ ነው አፉን የከፈተው። ሲዲ ስለሆነ ደስ ብሎት የገዛ ሰው ካለ የካሴት ፋብሪካ ያለው ብቻ ነው።

ብየዳ (#12)

ሥዕሉማ ይንቀጠቀጥ ነበር። የፕሌይስቴሽን ግድግዳና ወለል እንደ ጄሊ የሚወዛወዘው ማሽኑ ነጥቦቹን ሙሉ ፒክስል ላይ ብቻ ስለሚያሳርፍ ነው፤ በመሃል ያለውን ክፍልፋይ አያውቅም። ሥዕሉን ገጹ ላይ ሲለጥፍም ርቀትን አያሰላም። ለዚህ ነው ወለሉ ስትጠጋው የሚጣመመው። አሁን ልጆች ይሄን መንቀጥቀጥ ሆን ብለው አዲስ ጌም ላይ ይጨምሩታል፣ ይገርመኛል።

ስለ ቁልፉ ደግሞ፣ ሲዲ ላይ ቺፕ ስለማይገባ ሶኒ ቁልፉን የዲስኩ ጎድጓዳ መስመር ላይ ጻፈው። መስመሩ በጣም በትንሹ ይወዛወዛል፣ ውዝዋዜው ውስጥ የአገሩ ኮድ አለ። ተራ ሲዲ መቅጃ መረጃውን እንጂ ውዝዋዜውን አይቀዳም። ሞድ ቺፕ የሚባለው ያንን ኮድ አስመስሎ ለማሽኑ የሚናገር ትንሽ ቺፕ ነው። በጥቂት ሽቦ ይበየዳል። የብዙ ሰው የብየዳ ትምህርት ቤት ያ ነው።

ፕሌይስቴሽኑን ራሱን ዘቅዝቆ ማጫወትም ተረት አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ሌንሱ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ፕላስቲክ ስለነበር ይበላና ሌንሱ ያዘነብላል። ማሽኑን ስትገለብጡት ክብደቱ ወደ ሌላ ጎን ይመጣና ያነባል።

ባለጆይስቲኩ (#13)

ድሪምካስትን ሳትጠሩ እንዳታልፉ ብቻ። በ1998 ሞደም አብሮት የመጣ ኮንሶል። ሚሞሪ ካርዱ ስክሪንና ቁልፍ ነበረው፣ ጆይስቲኩ ላይ ይሰካል፣ ተነቅሎ ለብቻው ይጫወታል። ሴጋ በ2001 አቆመው። ከ10 ሚሊዮን በታች ነው የተሸጠው። ይሄ ፍትሕ ነው?

አዲስ ገቢ (#14)

ሰላም፣ ዝም ብዬ ሳነብ ቆይቼ ነው። እኔ ጌም የማውቀው በዳውንሎድ ነው። ካሴት ነክቼ አላውቅም። ቻናል 3 መጨረሻ ላይ «የሌላ ሰው ሰርቨር» ያልከው ቅሬታ ይመስላል። ምኑ ነው ችግሩ? ሲዲ አይጫርብኝም፣ ከሶፋ አልነሳም፣ ቅናሽ ሲኖር እገዛለሁ።

ቻናል 3 (#15)

እንኳን ደህና መጣህ። ቅሬታ ብቻ አይደለም፣ እኔም እገዛለሁ። ግን እንዴት እዚህ እንደደረስን እይ።

በ2001 ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስን ሲያወጣ ውስጡ ሃርድ ዲስክ አደረገበት፣ 8 ጊጋባይት። ውስጡ ፔንቲየም 3 አለው፣ የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ አለው። በዚያው ዘመን ፕሌይስቴሽን 2 እየገዛው ያለው ሰው ብዙ ነው፣ በመጨረሻ ወደ 160 ሚሊዮን ደርሷል፤ ዲቪዲ ማጫወቱም ረድቶታል። ወደፊቱን ያሳየው ግን ኤክስቦክስ ነው። ጌም ሃርድ ዲስክ ላይ መቀመጥ ከቻለ ከሱቅ ከወጣ በኋላም ሊስተካከል ይችላል። ካሴት ዘመን ላይ ጌሙ ከፋብሪካ ሲወጣ አልቋል። ስህተቱም አብሮ አልቋል። አሁን ሳያልቅ ይወጣል፣ ቀሪው በኢንተርኔት ይመጣል።

ከዚያ ሌላው ተከተለ። የገዛኸውን ማሽን ሠሪው ከሩቅ መለወጥ ይችላል። ፕሌይስቴሽን 3 ሲወጣ ሊኑክስ ይጫንበት ነበር፤ በሚያዝያ 2010 ሶኒ በአንድ አፕዴት አነሳው። በ2019 የዊ የኢንተርኔት ሱቅ ተዘጋ። በ2023 የዊ ዩና የ3ዲኤስ ተዘጋ። በዚያው ዓመት የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን ያወጣው ጥናት አሜሪካ ውስጥ ከ2010 በፊት ከወጡት ጌሞች 87 በመቶው ዛሬ ገበያ ላይ እንደማይገኙ ይናገራል። በ2025 የመጣው የኒንቴንዶ ስዊች 2 ላይ ደግሞ ጌሙ ውስጡ የሌለ ካርድ አለ። ካርዱ ቁልፍ ነው፣ ጌሙን ከኢንተርኔት ታወርደዋለህ። ኒንቴንዶ በ1985 ካሴቱ ውስጥ ያስገባውን ቁልፍ አስብ። አሁን ጌሙ ወጥቶ ቁልፉ ብቻ ቀረ።

ፒክስል (#16)

እዚህ ላይ አልስማማም። ካሴትና ሲዲ ዘላለማዊ እንደሆኑ አድርገህ ነው የምታወራው። ዲስክ ይበሰብሳል፤ የብረት ገጹ አየር ሲያገኘው ይነጣል። ሌንስ ይሞታል። ቀዝቃዛ ጎተራ ውስጥ ያለ ሮምም ዕድሜ አለው። ዛሬ የድሮ ጌሞችን ያተረፈው የሰው መደርደሪያ አይደለም። ቀድመው ገልብጠው ያስቀመጡት ሰዎች ናቸው፣ ብዙ ጊዜም ሕጉ ሳይፈቅድላቸው። ጥያቄው ጌሙ የት ይቀመጥ አይደለም። መገልበጥ የተፈቀደው ለማን ነው የሚለው ነው።

ቻናል 3 (#17)

እሱ የእኔው ጥያቄ ነው፣ በሌላ በር ገባሽ እንጂ። ቁልፍ ባይኖር መገልበጥ ፈቃድ አይፈልግም ነበር።

ፒክስል (#18)

ቁልፍ ባይኖር ደግሞ የውሻ ምግቡ ጌም ላይ ነበርን ያልከው አንተ ነህ። አንዱን ምረጥ።

ሴቭ ሳላደርግ (#19)

ሁለታችሁ ስትጨርሱ ጥሩኝ። ብየዳ፣ አንድ የድሮ ባለባትሪ ካሴት አለኝ፣ ሴቭ መያዝ አቁሟል። ጌሙ ይነሳል፣ ሳጠፋው ግን ሁሉም ይጠፋል። ሞተ በቃ?

ብየዳ (#20)

አልሞተም። እነዚህ ካሴቶች ሴቩን የሚይዙት ኤሌክትሪክ እስካለ ብቻ በሚያስታውስ ራም ላይ ነው። ኮንሶሉ ሲጠፋ ያንን ራም የምትመግበው ክብ ባትሪ ናት። ያንተዋ አልቃለች። ጌሙ ያለው ሌላ ቺፕ ላይ ስለሆነ አይነካም።

ለመክፈት ለካሴት ብሎን የሚሆን ልዩ መፍቻ ያስፈልግሃል። ባትሪዋ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብብ፣ ብዙ ጊዜ ሲአር2032 ወይም ሲአር2025 ናት፣ ያንኑ ግዛ። የብረት ጆሮ ተበይዶባት የምትሸጥ አለች፣ እሷን ፈልግ። ተራዋን ባትሪ በቀጥታ አትበይድ፣ ሙቀቱ ያፈነዳታል። ከማውጣትህ በፊት ፕላስና ማይነሱ በየት በኩል እንደነበር ፎቶ አንሳ። ሴቩ ገና ያለባት ካሴት ያለህ ከሆነች ደግሞ መጀመሪያ በካሴት ማንበቢያ ሴቩን ኮምፒውተር ላይ ገልብጠው፤ ባትሪዋ ስትነቀል ይጠፋልና። ያንተ እንደሆነ የሚጠፋ ነገር የለውም፣ ዝም ብለህ ቀይራት።